ጋሽ ሃብቶምና የጠፉት የወርቅ ጉድጓዶች

ሩት ስትደውል ሃቫና ስትሪት ላይ ሥጋ ቤቱ ፊት ለፊት መኪናዬን ፓርክ እያደረግኩ ነበር። ሩት ስልክ መደወል አትወድም፤ ቴክስት ነው የምታደርገው። እዚሁ ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ከተማ ተወልዳ ያደገች ስለሆነች አማርኛዋ ቶሎ ያልቅባታል፤ ሲያልቅባት ወደ እንግሊዝኛ ትሻገራለች። ያን ቀን ግን አልተሻገረችም። «ሰዓዳ፣ አባዬ ዐረፈ» አለችኝ። «ሞተ» ሳይሆን «ዐረፈ» ማለትን ያስተማሯት እሳቸው ራሳቸው መሆን አለባቸው፤ በዚያ ቤት ለቃል እንደሳቸው የሚጠነቀቅ ሰው አልነበረም። ሥጋውን ሳልገዛ መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ ቆየሁ። የቆምኩበትን ቦታ የፈለገ ሰው ጥሩምባ ሲያሰማኝ ነው ወደ ራሴ የተመለስኩት።

አባቷ ጋሽ ሃብቶም የአስመራ ልጅ ነበሩ። የተማሩት በአማርኛ ነው፤ ባለቤታቸውም፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የአዲስ አበባ ሰው ስለነበሩ ቤታቸው ውስጥ የሚወራው አማርኛ ነበር። እኛ «ሺፍቴን ቼንጅ አደረግኩ» ስንል እሳቸው «ተራዬን ለወጥኩ» ይላሉ። ረጅምና ቀጭን ናቸው፤ ቡናማ ባርኔጣ ከራሳቸው አትለይም። አለቃችን ዩኒፎርሙ ኬፕ ነው ብሎ አንዴ ሊያስወልቃቸው ሞክሮ ነበር። ጋሽ ሃብቶም በጨዋ ደንብ አመስግነውት፣ ኬፑን ተቀብለው፣ በማግስቱ ባርኔጣቸውን አድርገው መጡ። ከዚያ በኋላ የተናገራቸው የለም።

የተዋወቅነው ኤርፖርት አጠገብ ባለ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ነው። መንገደኛው መኪናውን እዚያ ትቶ በእኛ ሚኒባስ ወደ ተርሚናሉ ይሄዳል፤ ሲመለስም እንመልሰዋለን። ሥራው ቀኑን ሙሉ መመላለስ ነው። እኔ ስቀጠር መንገዱን ያሳዩኝ እሳቸው ነበሩ። በሁለት ጉዞ መካከል ቁጭ የምንልባት አንዲት ጠባብ ብሬክ ሩም ነበረችን። የጠፉትን የወርቅ ጉድጓዶች ታሪክ የሰማሁት እዚያች ክፍል ውስጥ፣ ማይክሮዌቩ እያጉረመረመ ነው።

ታሪኩ የመጣው ከኤሊሴዮ ነው። ኤሊሴዮ ሚኒባሶቹን የሚጠግን መካኒክ ነበር፤ ትውልዱ ከደቡብ ኮሎራዶ፣ ከሳን ልዊስ ሸለቆ። የእሱ ሰዎች በዚያ ሸለቆ ከስንት ትውልድ በፊት ጀምሮ ስፓኒሽ እየተናገሩ ኖረዋል። ልጅ ሳለ ክረምቱን ሙሉ ሲነገሩ የሰማቸው ታሪኮች ሁሉ ስለ ድሮ ስፔኖች ናቸው፦ ስለ ቀበሩት ወርቅ፣ ስለ ጠፋባቸው የማዕድን ጉድጓድ፣ መስቀል ስለተቀረጸበት ድንጋይ። ጋሽ ሃብቶም ደግሞ በወጣትነታቸው አስመራ በጣልያን ጋራዥ ሠርተው ጣልያንኛ ያውቁ ነበር። ጣልያንኛቸውን ትንሽ ጠምዘዝ ሲያደርጉት ኤሊሴዮ ይገባዋል፤ ኤሊሴዮም ስፓኒሹን ሲያዘገየው እሳቸው ይገባቸዋል። ሁለቱ ሽማግሌዎች በጣልያንኛና በስፓኒሽ መካከል በሚገኝ፣ ከሁለቱ በቀር ማንም በማይናገረው ቋንቋ ሲያወሩ መስማት ደስ ይል ነበር። ጋሽ ሃብቶም የሰሙትን ለእኛ በአማርኛ ይመልሱታል። ከመጀመራቸው በፊት ሁልጊዜ መዳፋቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርጋ አድርገው ያስቀምጣሉ። ያኔ ስልክ የያዘም ስልኩን ያስቀምጣል።

አንዱን እስከ ዛሬ እንደነገሩን ልነግራችሁ እችላለሁ።

«ስፔኖቹ ከተራራው ያወጡትን ወርቅ በበቅሎ ጭነው ወደ ደቡብ ሲወርዱ በረዶ ቀደማቸው። በቅሎዎቹ በየመንገዱ ወደቁ። አለቃቸው ወርቁን እዚሁ እንቅበረው፣ በረዶው ሲቀልጥ እንመለሳለን አለ። ጉድጓድ ቆፈሩ፤ ወርቁን አስገቡ፤ በላዩ ካለው ድንጋይ ላይ መስቀል ቀረጹ። ከዚያ አለቃው ዞር ብሎ ‹ማን ቀርቶ ይጠብቀዋል?› ሲል ጠየቀ። አንድ በቅሎ ነጂ ‹እኔ› አለ። ሰውዬው ጠባቂነት ማለት ስንቅና ጠመንጃ ተሰጥቶት ዋሻ ውስጥ መክረም መስሎት ነው። እነሱ ግን ነፍሱ ነበር እንድትጠብቅላቸው የፈለጉት። እዚያው ገድለው ከወርቁ ጋር ቀበሩት።»

ታሪኩ ሲያልቅ ሁላችንም የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ድንጋዩ የት አካባቢ ነው? ተመልሰው መጡ ወይ? ጋሽ ሃብቶም ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ቅር ይለው ነበር። «ወርቁን ተዉትና፣ ሰውዬው ማን ነበር?» ይሉናል። መጀመሪያ ኤሊሴዮን እንደዚህ ብለው ሲጠይቁት እዚያው ነበርኩ። ኤሊሴዮ መፍቻውን እንደያዘ አሰበ፤ አሰበና «ይህን ማንም ጠይቆ አያውቅም» አለ።

ሌላም ነበረ፣ እሳቸው ከሁሉ አስበልጠው የሚወዱት። ስፔኖቹ የአገሬውን ሰዎች አስገድደው ጉድጓድ ውስጥ ያሠሯቸዋል። ብዙ ሰው እዚያ ያልቃል። አንድ ቀን የአገሬው ሰዎች ተነሥተው ያባርሯቸውና የጉድጓዱን አፍ በገዛ እጃቸው በድንጋይ ይደፍኑታል፤ በላዩ አፈር አልብሰው ዛፍ ይተክሉበታል። ስፔኖቹ ወታደር ይዘው ቢመለሱ ተራራው ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኖ ጠበቃቸው። የአገሬው ሰዎች ቦታውን ያውቃሉ፤ አባት ለልጅ ያሳያል፤ ለሌላ ሰው ግን ትንፍሽ አይሉም። «ይህችኛዋ እውነት ትመስለኛለች» ይሉ ነበር ጋሽ ሃብቶም። «እኔም ብሆን አልናገርም ነበር።»

ከአድማጮቹ መካከል ዳንኤል የሚባል ሹፌር ነበር። ሴንቴኒያል ከተማ ቤት ያለው፣ ሚስትና ሁለት ልጆች ያሉት፣ ሥራውን የሚወድ ሰው። የቸገረው ነገር አልነበረም። ወርቁን ለምን መፈለግ እንደጀመረ አንድ ቀን ለእኔ ሲነግረኝ «በዚህ አገር ያለኝን ሁሉ ሰው ነው የሰጠኝ፤ አንድ ነገር እኔ ራሴ ላግኝ» አለኝ። መጀመሪያ ብረት የሚጠቁም መሣሪያ ገዛ። ከዚያ አካፋ፣ ገመድ፣ የራስ መብራት። ኤሊሴዮን ስለ አንድ ሸለቆ ደጋግሞ ጠየቀው፤ ኤሊሴዮም ልጅ ሳለ አያቱ በጣት ያሳየችውን ቦታ ነገረው። ዳንኤል በእረፍቱ ቀን ሁሉ ወደዚያ መንዳት ጀመረ።

ባለቤቱ ትዕግስት ለጋሽ ሃብቶም ደወለች። ብሬክ ሩም ውስጥ አጠገባቸው ተቀምጬ ስለነበር ድምፅዋ ይሰማኛል።

«ጋሼ፣ ታላቅ ሰው ስለሆኑ ነው የምደውልልዎት። ዳንኤል ልጆቹን ማየት ትቷል። ቅዳሜም እሑድም ተራራ ላይ ነው። ይህን ጭንቅላቱ ውስጥ የከተቱት እርስዎ ነዎት፤ እርስዎ ያውጡለት።»

«ልክ ነሽ ልጄ። አናግረዋለሁ» አሉ።

በዚያው ቀን ዳንኤልን ከጉዞ ሲመለስ በር ላይ ጠበቁት።

«ዳኒ፣ እኔ የምነግራችሁ ነገር ተረት ነው።»

«ተረት ከሆነ ለምን እንደ እውነት ይነግሩናል ጋሼ?»

ጋሽ ሃብቶም ወደ እሱ ጠጋ ብለው «ውስጡ እውነት ስላለበት» አሉ።

«እኔም እሱን ነው የምፈልገው» አለና ዳንኤል ቁልፉን አንሥቶ ወደ ሚኒባሱ ሄደ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሽ ሃብቶም ታሪክ መንገር አቆሙ። መዳፋቸውን ጠረጴዛው ላይ አያስቀምጡም። ክፍሏ ውስጥ ሁሉም ስልኩን እያየ ይበላል፤ ኤሊሴዮም ከጋራዡ መምጣት ተወ። ያ በጋ አልቆ መስከረም እስኪገባ እንዲሁ ቆየን።

አንድ እሑድ ጠዋት ጋሽ ሃብቶም ከቤተ ክርስቲያን እንደወጡ ደወሉልኝ። «መኪናሽ ደህና ናት?» አሉኝ። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው ዳንኤል ቅዳሜ ጠዋት ወጥቶ አለመመለሱን ነገሩኝ። ትዕግስት ደውላላቸው ነበር። በዚህኛው ጊዜ አልተቆጣችም፤ «ጋሼ፣ ስልኩን አያነሣም» ብቻ ነበር ያለችው።

እሳቸውን ይዤ ፓርክ ሂል ሰፈር ኤሊሴዮ ቤት ሄድን፤ ሸለቆውን የሚያውቀው እሱ ነው። መኪና ውስጥ እንደገባ ለአካባቢው የሸሪፍ ቢሮ ደውሎ ቦታውን አስረዳቸው። ፑዌብሎ ከተማን አልፈን ወደ ተራሮቹ ታጠፍን። ትዕግስት ልጆቹን እህቷ ጋ ትታ ከኋላችን እየነዳች ነበር። ጋሽ ሃብቶም ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ጠርዟን በጣቶቻቸው ዙሪያዋን እየዳሰሱ ሄዱ። ኤሊሴዮ ከኋላ ወንበር ጣቢያ ለመቀየር እጁን ወደ ራዲዮው ሰደደና መልሶ ሰበሰበው።

ስንደርስ የነፍስ አድን በጎ ፈቃደኞች ቀድመውን አግኝተውት ነበር። ዳንኤል ያገኘው ጉድጓድ የስፔኖች ይሁን የሌላ ሰው እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። በዳገቱ ወገብ ላይ፣ በቁጥቋጦ የተሸፈነ፣ ጎንበስ ብለው የሚገቡበት አፍ ነው። ወደ ውስጥ ቁልቁል ይወርዳል። ዳንኤል ሲወርድ መሬቱ ከድቶት ተንሸራትቶ፣ አሮጌ ግንድ እግሩ ላይ ወድቆበት ሌሊቱን እዚያ አሳልፏል። የጣሪያው ድንጋይ ስለላላ በእንጨት ሳይደግፉት ሊገቡ አልቻሉም፤ ያ ደግሞ ሰዓታት የሚፈጅ ሥራ ነው። ከጉድጓዱ አፍ የሚወጣው አየር ፀሐይ ላይ ቆመን እንኳ ያንዘፈዝፈን ነበር።

የቡድኑ መሪ ፀጉሯን የጎነጎነች፣ ድምፅዋን ከፍ የማታደርግ ሴት ነበረች። ወደ እኛ መጣችና «ቋንቋውን የሚናገረው የትኛችሁ ነው?» አለች። «በእንግሊዝኛ ስናናግረው መመለስ አቁሟል። በራሱ ቋንቋ አንድ ሁለት ነገር ይላል። መተኛት የለበትም። አንድ ሰው እያናገረ ያቆየው።»

ትዕግስት ገና መንገድ ላይ ነበረች። እኔ ልሂድ ብዬ ስነሣ ጋሽ ሃብቶም ባርኔጣቸውን አውልቀው እጄ ላይ አኖሩ። የነፍስ አድን ሰዎቹ የብረት ቆብ አደረጉላቸው፤ አደጋ የለበትም ያሉት ድንጋይ ላይ፣ ከጉድጓዱ አፍ አጠገብ አስቀመጧቸው።

«ዳንኤል! ሃብቶም ነኝ።»

ከውስጥ ምንም አልተሰማም። ደግመው ጠሩት።

«ጋሼ?» የሚል ቀጭን ድምፅ መጣ። «ይቅርታ ጋሼ።»

«ይቅርታውን ሚስትህን ትጠይቃለህ። አሁን አንድ ነገር እነግርሃለሁ። ስጠይቅህ ትመልስልኛለህ፤ እንዳትተኛብኝ።»

«ተረት ነው?»

«አይደለም። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም።»

ድጋፉን የሚሠሩት ሰዎች እንጨት እየቆረጡ ስለነበር ጋሽ ሃብቶም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ነው የተናገሩት። ለዚህ ነው እኔም ሁሉን የሰማሁት።

«አባቴ ከአስመራ ወጣ ብሎ አንድ ጣልያን በሚያስቆፍረው የወርቅ ጉድጓድ ይሠራ ነበር። እኔ ትንሽ ልጅ ነኝ። ማታ ማታ ሲመጣ ልብሱ ነጭ አቧራ ነው። እናቴ ደጅ ላይ ታራግፍለታለች። ምን አልኩህ?»

«ልብሱን... ደጅ ላይ።»

«ጎበዝ። አንድ ክረምት ዝናቡ በረታና መሬቱ ተደረመሰ። አባቴና ሌሎች ሰዎች ውስጥ ቀሩ። ሰው ተሰበሰበ። ጣልያኑ መጥቶ አየና በሕይወት ያለ የለም አለ። ከሠራተኞቹ አንዱ ግን ከውስጥ ሲንኳኳ ሰማሁ ይላል። ምን ሰማ?»

«ሲንኳኳ።»

«አዎ። እናቴ ይዛኝ ሄዳ ነበር፤ እኔም የሰማሁ ይመስለኛል። ልጅ ነበርኩ፣ ልሳሳት እችላለሁ። ዳኒ! አለህ?»

«አለሁ ጋሼ። ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሌላ ሰው እንዳይገባበት ብለው አፉን በድንጋይ ዘጉት። ማውጣቱ እውነትም አልተቻለ ይሆናል፤ ዛሬ ትልቅ ሰው ሆኜ ሳስበው በዚህ አልፈርድም። የሚቆጨኝ ሌላ ነው። እንደዚህ አፉ ላይ ተቀምጦ ያናገረው ሰው አልነበረም። ዘግተው ከመሄዳቸው በፊት ወልዱ ብሎ የጠራው የለም። እናቴ ልትጠጋ ስትል ያዟት።»

ወደ ጉድጓዱ አፍ ጎንበስ አሉ። እንጨት የሚቆርጠው ማሽንም በዚያው ቅጽበት ቆመና ሸለቆው ጸጥ አለ።

«እኔ ግን እዚህ ነኝ» አሉ ጋሽ ሃብቶም። «እስክትወጣ አልነሣም። ሰማኸኝ?»

ውስጥ ዳንኤል እያለቀሰ ነበር። ማልቀሱን የሰማችው የቡድኑ መሪ ወደ እኔ ዞራ አውራ ጣቷን ቀሰረች፤ የሚያለቅስ ሰው አይተኛም ማለቷ ነው።

ጋሽ ሃብቶም ከዚያም ቀጠሉ። ከዓመታት በኋላ ያ የተዘጋ ጉድጓድ እንዴት ተረት እንደሆነ ነገሩት። ጣልያኑ ወርቁን ሳያወጣ ነው የዘጋው ይባል ጀመር። ወጣቶች እናታቸው ደጅ እየመጡ አፉ በየት በኩል እንደነበር ይጠይቋት ነበር። አንዳቸውም ስለ ባሏ አልጠየቋትም። እሷም «ረሳሁት» ትላቸዋለች፤ በየዓመቱ በሙት ዓመቱ ግን ቀጥ ብላ ሄዳ ድንጋዩ ላይ ትቀመጣለች። ይህን ሲጨርሱ ስለ ጋራዡ፣ ስለ ሩት መወለድ፣ ስለ መጀመሪያ መኪናቸው አወሩት። ድምፃቸው ሲሻክር ኤሊሴዮ ውሃ አቀበላቸው። ትዕግስት ስትደርስ አጠገባቸው ተንበርክካ ባሏን በስሙ ጠራችው። ጋሽ ሃብቶም ቦታውን ሊለቁላት ሲነሡ፣ ዓይኗን ከጉድጓዱ ሳታነሣ እጅጌያቸውን ይዛ አስቀረቻቸው።

ፀሐይዋ ከተራራው ጀርባ ስትገባ ዳንኤልን በቃሬዛ አወጡት። ፊቱ በአቧራ ነጭ ሆኗል። ጋሽ ሃብቶም ሲያዩት ጠጋ ብለው ከትከሻው ላይ አቧራውን በእጃቸው አራገፉለት፤ ሰዎቹም እስኪጨርሱ ጠበቋቸው።

ስንመለስ ኤሊሴዮ ከኋላ ወንበር «ያን ሁሉ ሰዓት ምን ነበር የነገርከው?» አላቸው። ጋሽ ሃብቶም በዚያ በሁለቱ ቋንቋ አስረዱት። እኔ የምለየው ጥቂት ቃል ነው፤ ኤሊሴዮ ሲያማትብ ግን በመስታወቱ አየሁት። ጥቂት ቆይቶ የአባታቸውን ስም ጠየቃቸው።

«ወልዱ» አሉት።

«እኛ አንተን የምንጠራህ በዚህ አይደለም እንዴ?»

«አዎን» አሉ ጋሽ ሃብቶም።

ያኔ ነው እኔም የገባኝ። በዚህ አገር ወረቀት ላይ የሚቀድመው የአባት ስም ስለሆነ፣ ጉዞ የሚያከፋፍለን ተራ አስያዥ በሬዲዮ ሲጠራቸው ሁሌ «ወልዱ» ነበር የሚለው። እኛ አበሾቹ «ኧረ ስምዎ ሃብቶም መሆኑን ይንገሯቸው» ስንላቸው ይስቁና «ተዉአቸው፣ ይጥሩት» ይሉን ነበር። ለማረም ሰንፈው መስሎን ነበር።

ዳንኤል እግሩ በሁለት ቀዶ ጥገና ዳነ፤ ትንሽ ያነክሳል። ትዕግስት ግን ከጋሽ ሃብቶም ጋር ወዲያው አልታረቀችም። ሆስፒታል ሊጠይቁት ሲመጡ በር ላይ ቆማ «ጋሼ፣ ገና ይቅር አላልኩዎትም» አለቻቸው። እሳቸውም «እውነትሽን ነው ልጄ» ብለው ኮሪደሩ ላይ ካለው ወንበር ተቀመጡ። በማግስቱም መጥተው እዚያው ተቀመጡ። በሌላ ቀን ትዕግስት ወጥታ አጠገባቸው ተቀመጠችና ሾርባ ያለበት እቃ እጃቸው ላይ አኖረች፤ ከዚያ ይዛቸው ገባች። ያ ብረት የሚጠቁም መሣሪያ አሁንም ጋራዣቸው ውስጥ አለ። ትዕግስት ባለፈው በጋ በሣሩ ውስጥ የጠፋባትን የጆሮ ጌጥ ፈልጋበታለች፤ አግኝታዋለችም።

ጋሽ ሃብቶም እንደገና መንገር የጀመሩት ዳንኤል ወደ ሥራ በተመለሰ ሰሞን ነው። የጠየቃቸውም ዳንኤል ራሱ ነበር። መዳፋቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ። ታሪኮቹ እነዚያው ናቸው፤ ሆኖም አንድ ነገር ተለውጧል። በቅሎ ነጂው ስም አለው፤ ቶማስ ይባላል። ትልቅ እህት አለችው፤ በግራ እጁ ነው የሚበላው። አንዱ ሹፌር «ስሙን ማን ነገረዎት ጋሼ?» አላቸው።

«ማንም አልነገረኝም። ነገር ግን ስም ነበረው አይደለም?»

ኤሊሴዮ ይህን ሰምቶ ለልጅ ልጆቹ ሲነግር እሱም ቶማስ ማለት ጀመረ። እኔ አሁን አንዳንዴ የማስበው፣ ከብዙ ዓመት በኋላ በዚያ ሸለቆ አንዲት ልጅ ስለ ቶማስ ስትሰማ፣ ስሙን ያወጡለት አንድ የአስመራ ሰው መሆናቸውን የሚያውቅ እንደማይኖር ነው። እሳቸው በዚህ የሚከፉ ሰው አልነበሩም።

ጡረታ ከወጡ በኋላ ልባቸው ደከመ። ሩት ቤቷ አምጥታ በመስኮቱ በኩል አልጋ ዘረጋችላቸው። ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። ድምፃቸው አልቆ ነበር፤ ሁለት ሦስት ቃል ብለው ያርፋሉ። እንደ ልማዴ ስለ ሥራ ቦታው ወሬ ልጀምር ስል እጃቸውን አነሡ።

«ዛሬ አንቺ ንገሪኝ።»

«እኔ ታሪክ አላውቅም ጋሼ።»

«አንድ አታጪም።»

አሰብኩ። ከዚያ ለማንም ቁም ነገር ብዬ ያልተናገርኩት ትዝ አለኝ። ልጅ ሳለሁ አዲስ አበባ ካዛንቺስ የምንኖርበት ቤት ጣልያን የሠራው ነበር። ሰውዬው ሲሸሽ ወርቁን እዚያው ቀብሮ ነው የሄደው ይባላል። ከእኛ በፊት የነበሩት ተከራዮች ለአባቴ ነገሩት፤ አባቴ ስቆ ተወው፤ እኔ ግን አልተውኩትም።

«አንድ ቀን ሁሉም ሰው ሲወጣልኝ» አልኳቸው፣ «ከጓሮ በኩል ካለው ደረጃ ሥር ገብቼ በማንኪያ መቆፈር ጀመርኩ።»

«በማንኪያ?»

«አካፋው ከበደኝ።»

«እሺ።»

«ቆፈርኩ፣ ቆፈርኩ፣ ክንዴ እስኪዝል። በኋላ ማንኪያዬ ብረት ነካ። ቅጭል አለ።»

ራሳቸውን ከትራሱ ላይ ቀና አደረጉ። «እህ?»

«አፈሩን በጣቴ ጠረግኩት። ጫፉ ታየኝ። ልቤ ሊወጣ ደረሰ። ሳብኩት።»

«ምንድን ነበር?»

«ማንኪያ።»

«ምን?»

«ሌላ ማንኪያ ጋሼ። የዛገ። ከእኔ በፊት የቆፈረ ልጅ ረስቶት የሄደ።»

ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ ያመማቸው መስሎኝ ደንግጬ ነበር። እየሳቁ ነው። እኔ ባወቅኳቸው ዓመታት ሁሉ ፈገግ ይላሉ እንጂ እንደዚያ ሲስቁ አይቼ አላውቅም፤ እንባቸው እስኪወርድ፣ አልጋው እስኪነቃነቅ ሳቁ። ሩት ከኩሽና እጇን ሳትጠርግ ሮጣ መጣች።

«ዋት ሃፕንድ? ሰዓዳ፣ ዋት ዲድ ዩ ቴል ሂም?»

እኔም መሳቅ ጀምሬ ስለነበር መመለስ አቃተኝ። አባቷ እጇን ያዙና በተቆራረጠ ትንፋሽ «ማንኪያ» አሏት፤ «ሌላ ማንኪያ!» ሩት ምንም አልገባትም። አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ እኔን አየች፤ ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ አብራን ሳቀች።